የሰርግ ቪዲዮ በግል ለምትሠሩ፦ ከቀብዱ እስከ ርክክቡ

ጥሩ ካሜራ የያዘ ሰው ዛሬ ሞልቷል። የሰርግ ደንበኛ ከቪዲዮ ባለሙያ ጋር የሚጣላውም በካሜራው ዓይነት አይደለም። የአባት ምርቃት ሳይሰማ ሲቀር፣ ካርድ ሲበላሽ፣ ርክክቡ ከወር ወደ ወር ሲንከባለል፣ ማንም ያልተስማማበት ነገር ሲጠየቅ ነው ጠቡ የሚነሳው። የማስታወቂያ ቀረጻ ቢበላሽ ነገ ተመልሶ ይቀረጻል፤ ሰርግ ግን አይደገምም። ስለዚህ እዚህ የምናተኩረው በድምፅ፣ በፋይል አያያዝና በውል ላይ ነው። በግል የሚሠራ ሰው ገንዘቡንም ስሙንም የሚያጣው በእነዚህ ነው።

ቀኑን ከመያዛችሁ በፊት

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚደውል ደንበኛ «ጃንዋሪ 17» ይላችኋል፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ደግሞ «ጥር 17» ብሎ ይነግራችኋል። በ2018 ዓ.ም. ጃንዋሪ 17 የዋለው ጥር 9 ቀን ነው፤ በመሃሉ ስምንት ቀን አለ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፦ «8 ሰዓት» ለአንዱ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ለሌላው ከምሳ በኋላ ነው። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ከነዕለቱ ጻፉ፣ ሰዓቱንም «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» ብላችሁ ለዩ፣ በጽሑፍ ላኩና የደንበኛውን ማረጋገጫ ተቀበሉ።

ቀጥሎ የራሳችሁን አቅም ቁጠሩ። የኦርቶዶክስ ሰርግ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይደራረብና በጾሙ 55 ቀናት ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀምራል። ጾሙ የኤዲቲንግ ጊዜያችሁ ነው። በሳምንት 6 ቀን ብትሠሩ 47 ያህል የሥራ ቀን ታገኛላችሁ። አንድ ሰርግ 8 ቀን ኤዲቲንግ ከወሰደ ብቻችሁን ጨርሳችሁ የምታስረክቡት አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ነው። በጥር አሥር ሰርግ ተቀብሎ አምስቱን ወደ ክረምት ማሻገር በሚቀጥለው ዓመት ደንበኛ የማሳጣት ዋነኛ መንገድ ነው።

ዋጋ ስትተምኑ የቀረጻውን ቀን ብቻ አታስቡ። አንድ ቀን ለዝግጅትና ቦታ ለማየት፣ አንድ ቀን ለሰርጉ፣ መልስ ካለ ሌላ አንድ ቀን፣ 8 ቀን ለኤዲቲንግ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ለማስተካከያና ለርክክብ፤ ድምሩ 12 ቀን ነው። በዚህ ላይ የሁለተኛው ቀራጭ ክፍያ፣ ትራንስፖርት፣ ሃርድ ዲስክና ኢንተርኔት አለ። የዕቃውንም ዕድሜ አስገቡ። ለምሳሌ የ300,000 ብር ዕቃ 60 ሰርግ ያገለግላል ብላችሁ ካሰባችሁ እያንዳንዱ ሰርግ 5,000 ብር ለዕቃው መመለስ አለበት። ይህን ያልቆጠረ ሰው ካሜራው ሲያረጅ ሌላ የሚገዛበት አያገኝም።

ውሉ ውስጥ ምን ይግባ

አንድ ገጽ ይበቃል፤ ያለ ፊርማ ግን አይሆንም። የምትገኙበትን ሰዓት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ፣ የቀራጮችን ቁጥር፣ የምታስረክቡትን ነገር በደቂቃ ለይታችሁ አስፍሩ። ለምሳሌ ከ90 እስከ 120 ደቂቃ ሙሉ ቪዲዮ፣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ማጠቃለያ፣ ለስልክ የሚሆን የ1 ደቂቃ ቀጥ ያለ ቪዲዮ። የርክክብ ቀን፣ የማስተካከያ ብዛት (ሁለት ዙር ይበቃል)፣ ጥሬው ቀረጻ ከርክክብ በኋላ ለስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ከሰዓት በላይ ለሚሠራው የሚከፈለው፣ ቀኑ ቢቀየር ምን እንደሚሆን። ቪዲዮውን በገጻችሁ ለመለጠፍም ፈቃድ በግልጽ ጠይቁ። ኒካህ ላይ በተለይ ቤተሰቡ የሴቶቹ ክፍል በሴት ቀራጭ እንዲቀረጽና እንዳይለጠፍ ሊፈልግ ስለሚችል ይህን በመጀመሪያው ንግግር አንሱት።

ክፍያውን በሦስት መክፈል ይሻላል፦ 50 በመቶ ውል ሲፈረም፣ 30 በመቶ በሰርጉ ዋዜማ፣ 20 በመቶ በርክክብ። «ከሰርጉ በኋላ እንከፍላለን» የሚለውን አትቀበሉ፤ ሙሽሮች ለጫጉላ ይወጣሉ፣ ወጪውን የያዘው አጎት ስልክ አያነሳም።

ስለ ቀብድ አንድ ነገር እወቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1885 ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ሁለት ሰርግ በአንድ ቀን ይዞ የተሻለ የሚከፍለውን መምረጥ ነውር ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነው። ብትታመሙ ማን እንደሚተካችሁም በውሉ ላይ ይስፈር።

ከሰርጉ ሳምንት በፊት

አዳራሹን ሰርጉ በሚውልበት ሰዓት ሄዳችሁ እዩ። ሶኬቱ የት ነው? ጄኔሬተር አለ? የሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ መስኮት ወይም ኤልኢዲ ስክሪን ነው? ስክሪን ከሆነ ብርሃኑ እንዲቀነስላችሁ ከዲጄው ጋር አሁኑኑ ተስማሙ። ሌዘር የሚጠቀም ከሆነም ወደ ካሜራ እንዳያዞር ንገሩት፤ ሌዘር በቀጥታ ሌንስ ውስጥ ሲገባ የካሜራውን ሴንሰር ያቃጥላል፣ የተቃጠለው ነጥብም ከእያንዳንዱ ምስል ላይ አይጠፋም።

ሥርዓቱ በተክሊል ከሆነ የደብሩን አስተዳደር ፈቃድ ጠይቁ። የት መቆም እንደሚፈቀድ፣ መብራት መጠቀም ይቻል እንደሆነ፣ በቅዳሴው መሃል መንቀሳቀስ የማይፈቀድበት ጊዜ የትኛው እንደሆነ ካህኑ ይንገሯችሁ። ጫማ ስለሚወለቅ በቀላሉ የሚወልቅ አድርጉ። የካሜራውን ድምፅ ሁሉ አጥፉ።

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይመደብላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ታላቅ እህት ትመረጣለች። ከእሷ የግድ መቀረጽ ያለባቸውን ሰዎች ዝርዝር ተቀበሉ፦ አያቶች፣ የክርስትና አባትና እናት፣ ከውጭ የመጡ፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ። ቤተሰብ ቪዲዮውን ደጋግሞ የሚያየው ፊት ለማየት ነው። «የአክስቴ ልጅ የለችም» የሚለው ቅሬታ በኤዲቲንግ አይድንም።

ድሮን ከተጠየቃችሁ ያለ ፈቃድ አታብርሩ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከሌለ በውሉ ላይ ድሮን አትጻፉ።

የሚያዘው ዕቃ

ሁለት ካሜራ አነስተኛው ነው። አንዱ በትራይፖድ ላይ ሰፊውን እያየ ሳይቋረጥ ይቀርጻል፣ ሌላው ይንቀሳቀሳል። ለእያንዳንዱ ካሜራ ከ4 እስከ 5 ባትሪ ያዙ፤ በ4ኬ ሲቀረጽ አንዱ ባትሪ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢሄድ ነው። የቆዩ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ራሳቸው ያቆማሉ። የእናንተ እንደዚያ ከሆነ በንግግር መሃል እንዳይቆም በዝግጅቶች መካከል ሆን ብላችሁ አቁማችሁ አስነሱት።

በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ባለ 128 ጊጋባይት ካርድ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይይዛል። ሁለት ካሜራ 5፣ 5 ሰዓት ቢቀርጹ 450 ጊጋባይት ነው። በዚህ ስሌት ካርድ ግዙ፤ ሰርግ ቦታ ላይ ቦታ ለማግኘት ብላችሁ ምንም ነገር አታጥፉ። ካርዱ ላይ «ቪ30» የሚለውን ፈልጉ፤ ቢያንስ በሴኮንድ 30 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው።

ገበያ ላይ መጠኑ የተጭበረበረ ካርድ አለ። 128 ተብሎ የተሸጠው በውስጡ 32 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ካሜራው እስከ መጨረሻው የቀረጸ ይመስላል፣ ፋይሉ ግን ባዶ ወይም የተበላሸ ይሆናል። አዲስ ካርድ ስትገዙ በኮምፒውተር ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን አስሞሉና መልሶ ያንብበው። ሰዓታት ይወስዳል፤ ሳይፈተሽ ግን ሰርግ ላይ አይገባም። ካሜራችሁ ሁለት የካርድ ማስገቢያ ካለው በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጽፍ አድርጉት።

በዕለቱ፦ ምስል

በአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሴኮንድ በ25 ፍሬም (ምስል) ቅረጹ፣ ሸተሩንም (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ አድርጉ፤ በ50 ፍሬም ለዝግታ ስትቀርጹ 1/100። 1/60 ላይ ብትተዉት በአዳራሹ መብራት ምስሉ ላይ የሚንሸራተት ጥቁር መስመር ይመጣል፣ እሱን በኤዲቲንግ ማጽዳትም አድካሚ ነው። ጄኔሬተር ሲነሳ መስመሩ ሊመለስ ስለሚችል በዚያን ሰዓት ስክሪኑን ደግማችሁ እዩ።

ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ጠይም ፊት በአንድ ክፈፍ ውስጥ ናቸው፤ የሰርግ ብርሃን ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ዜብራውን (ብርሃን የበዛበትን ቦታ በመስመር የሚያሳየውን የካሜራ ምልክት) 95 ላይ አድርጉና በቀሚሱ ላይ ብቅ ማለት ሲጀምር ብርሃኑን ጥቂት ቀንሱ። የጥበቡና የጥልፉ ክር ከጠፋ አይመለስም፤ ፊት ግን ትንሽ ቢጨልም በኋላ ይነሳል። ከዚህ ይልቅ ለፊቱ ትንሽ የካሜራ መብራት መስጠት ከሁሉም የተሻለ መፍትሔ ነው።

ድንኳን ሌላ ጣጣ አለው። ፀሐይ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሸራ ውስጥ አልፋ ስትገባ የሰው ፊት ሁሉ ያንኑ ቀለም ይይዛል። ድንኳኑ ውስጥ ገብታችሁ ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) በእጅ አስተካክሉ፤ ከድንኳኑ ስትወጡ መቀየር አትርሱ። በአውቶ ከተዋችሁት በየሾቱ ቀለሙ ይለያያልና ኤዲቲንጉ ላይ ሙሉ ቀን ይበላል።

አዳራሹ ጨለማ ከሆነ በሎግ (ቀለሙ በኋላ እንዲስተካከል ምስሉን አደብዝዞ በሚቀርጽ ፕሮፋይል) አትቅረጹ። ሎግ በቂ ብርሃን ሲያጣ የምስሉ ጨለማ ክፍል በሚንቀጠቀጥ ነጠብጣብ ይሞላል፤ የተለመደው የካሜራ ፕሮፋይል ንጹሕ ይሰጣችኋል።

በዕለቱ፦ ድምፅ

ከሁሉ በላይ የምንጨነቀው ስለዚህ ክፍል ነው። በምርቃት ሰዓት ሽማግሌው በለሆሳስ ይናገራሉ፤ ዙሪያውን ያለው ሰው ደግሞ «አሜን!» ሲል ከእሳቸው ብዙ እጥፍ ይጮኻል። ድምፁን ለሽማግሌው ብላችሁ ከፍ ካደረጋችሁት አሜኑ ይሰነጠቃል፤ ለአሜኑ ብላችሁ ከቀነሳችሁት ምርቃቱ አይሰማም። ስለዚህ ማይኩ ወደ ተናጋሪው መቅረብ አለበት። ትንሽ ሽቦ አልባ ማይክ በሽማግሌው ጋቢ ላይ አድርጉ፣ ወይም ሚዜው ይያዝላቸው። የንግግሩ ከፍታ ከ-18 እስከ -12 ዴሲቤል ባለው መካከል ይዋል። ማይካችሁ ወይም ሪከርደራችሁ ሁለተኛ ቅጂ ዝቅ አድርጎ መቅዳት ከቻለ አብሩት። 32 ቢት ፍሎት (ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል በኋላ የሚስተካከልበት አቀዳድ) ያለው ከሆነ ደግሞ የበለጠ ሰላም ታገኛላችሁ።

ለሙሽራው አንድ ማይክ ስጡት፣ በራሱ ውስጥ እንዲቀዳም አድርጉት፤ አዳራሹ በስልክ ሲሞላ ሽቦ አልባው ይቆራረጣል፣ በማይኩ ውስጥ የተቀዳው ግን ይተርፋል። የሙሽሪትን ድምፅም ከእሱ ማይክ ታገኛላችሁ። ካባ ሲደረብ ማይኩ ከሥር ይቀራል፣ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴም የጨርቅ ኮሽታ ይቀዳል። ካባውን ከመልበሱ በፊት ማይኩን ወደ ካባው ጠርዝ አውጡት።

አዳራሽ ውስጥ ከዲጄው ሚክሰር በሽቦ ወደ ሪከርደራችሁ ውሰዱ። ሪከርደሩ በ«ላይን» ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ በ«ማይክ» ላይ ከቀረ ሚክሰሩ የሚልከው ስለሚበዛበት ድምፁ ሙሉ በሙሉ ይፈነዳል። ደረጃውን ዘፈን ሲጫወት ሞክሩ፤ በጸጥታ የተሞከረ ደረጃ ማታ አይሠራም። የሚክሰሩ ድምፅ ብቻውን ባዶ ነው፣ እልልታውና ጭብጨባው የለበትም። ለዚያ የካሜራው ማይክ ወይም ሌላ ሪከርደር በክፍሉ ውስጥ ይቀዳ።

የዚያኑ ሌሊት

ደክሟችሁም ቢሆን ካርዶቹ ወደ ሁለት ዲስክ ሳይገለበጡ አትተኙ። ክሊፖቹን እየመረጣችሁ ሳይሆን የካርዱን ሙሉ ፎልደር እንዳለ ገልብጡ፤ አንዳንድ ካሜራ መረጃውን በተለያየ ፎልደር ይበትነዋል። የፋይሎቹ ብዛትና መጠን ከካርዱ ጋር መግጠሙን እዩ፣ ከእያንዳንዱ ካርድ ጥቂት ፋይሎችን ከመጀመሪያ፣ ከመሃልና ከመጨረሻ አጫውቱ። ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ሌላ ቤት ይደር። በአንድ ቦርሳ ውስጥ ያሉ ሁለት ቅጂዎች ቦርሳው ሲሰረቅ እንደ አንድ ናቸው። ካርዶቹ የመጀመሪያው ቅንብር እስኪጠናቀቅ ባይነኩ ይመረጣል፣ አቅም ካነሰ ግን ከሁለቱ ቅጂ በፊት አይፎርማቱ።

ኤዲቲንግ

ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነጻ ቅጂ የሰርግ ሥራ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ እስከ 3840 በ2160 ያወጣል። ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ መጀመሪያ የፍሬም ቁጥሩን 25 አድርጉ፣ ፋይል ካስገባችሁ በኋላ አይቀየርም። አንዳንድ ካሜራዎች የሚሰጡት ባለ 10 ቢት ኤች.265 (የቪዲዮ አጨማመቅ ዓይነት) በዊንዶውስ ነጻ ቅጂ ላይ ምስሉ ሳይመጣ ድምፁ ብቻ ሊሰማ ይችላል። ከሰርጉ በፊት በአንድ ደቂቃ ፋይል ሞክሩት፤ እምቢ ካለ ካሜራውን ወደ 8 ቢት ኤች.264 ቀይሩ። ላፕቶፑ ከተንቀረፈፈ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ) ፍጠሩ፤ አንድ ሌሊት ይፈጃል፣ ሳምንት ያተርፋል።

ዘመዶች በስልክ የቀረጹትን ሲልኩላችሁ በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ይላኩ፤ እንደ ቪዲዮ ከተላከ ጥራቱ ይጨመቃል። የስልክ ቪዲዮ ፍሬሙ ስለሚለዋወጥ ድምፁ ከከንፈር ይለያል። ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ቀይራችሁ አስገቡት።

ረጅሙን ቪዲዮ አስቀድሙ። ሁሉንም ካሜራና ሪከርደር በድምፅ ሞገዳቸው አገጣጥሙ፣ በረጅም ቀረጻ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደገና አረጋግጡ፤ በሰዓት ውስጥ አንድ ሁለት ፍሬም ይንሸራተታል። ረጅሙን ስትጨርሱ ለማጠቃለያው የሚሆነውን ምልክት አድርጋችሁበት ታገኛላችሁ። ማጠቃለያውን በዘፈን ብቻ አትሙሉት። የአባት ምርቃት፣ የእናት እልልታ፣ ሙሽራውን በር ላይ ያቆሙት ሚዜዎች ጭቅጭቅ፤ የዚያን ቤተሰብ ሰርግ ከሌላው የሚለየው ይህ ድምፅ ነው። ምርቃቱ ላይ ድምፁን በሙሉ ከመጭመቅ ይልቅ እያንዳንዱን አሜን ለብቻው ከ6 እስከ 9 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉት። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ውጤቱ ግን ወዲያው ይሰማል። በመጨረሻ ጠቅላላ ድምፁ ለዩቲዩብ -14 ሉፍስ (የአጠቃላይ ድምፅ ከፍታ መለኪያ) አካባቢ፣ ጫፉ ከ-1 ዴሲቤል ያልበለጠ ይሁን።

ስም ስትጽፉ የጥሪ ካርዱን ተከተሉ። ኃይሉና ሀይሉ፣ ሣራና ሳራ ለቤተሰቡ አንድ አይደሉም። በቆዩት የፓወር ግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ስለሚሆን በየኮምፒውተሩ በሚነበበው በዩኒኮድ ጻፉ፤ ኒያላ፣ አቢሲኒካና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በዳቪንቺ ይሠራሉ።

ሙዚቃ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መብት አለው፤ ዩቲዩብም ባንዱ አዳራሽ ውስጥ የተጫወተውን ጭምር ለይቶ ሊይዘው ይችላል። ለማጠቃለያው ፈቃድ የተገዛበት ሙዚቃ ተጠቀሙ። ለደንበኛው ሊንክ ከመላካችሁ በፊት በ«አንሊስትድ» (ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ በሚያየው መንገድ) ጫኑትና የመብት ፍተሻው እስኪያልቅ ጠብቁ። ሙሽሪት ካሊፎርኒያ ሆና ስትከፍተው ድምፁ ተዘግቶ ከምታገኘው እናንተ ቀድማችሁ ብታውቁ ይሻላል።

ማስተካከያና ርክክብ

መጀመሪያ የሚላከው ዝቅተኛ ጥራት ያለው፣ ደቂቃው ምስሉ ላይ የተጻፈበት ቅጂ ይሁን። አስተያየቱ ከአንድ ሰው፣ በአንድ ዝርዝር፣ ከነደቂቃው ይምጣ፦ «በ14፡20 ላይ ያለው ይውጣ»። ከአምስት ዘመድ በአምስት የድምፅ መልእክት የሚመጣ ማስተካከያ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ማለቂያም የለውም።

ለቤተሰብ ቴሌቪዥን በፍላሽ ስትሰጡ 1080፣ 8 ቢት ኤች.264፣ በሴኮንድ 15 ሜጋቢት አድርጉ። ብዙ ቆየት ያሉ ቴሌቪዥኖች 4ኬና ኤች.265 አይከፍቱም፤ የሚያነቡትም በፋት32 (በቆየ የፋይል አደረጃጀት) የተፎረማተ ፍላሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። የሁለት ሰዓት ቪዲዮ በዚህ ጥራት 13.5 ጊጋባይት ስለሚሆን በ30 ደቂቃ፣ በ30 ደቂቃ ከፋፍላችሁ፣ መቁረጫውን በዝግጅቶች መካከል አድርጋችሁ ቁጥር ስጡት። ፍላሹን ከማስረከባችሁ በፊት በኮምፒውተር ሳይሆን በቴሌቪዥን ሰክታችሁ ክፈቱት።

ውጭ ላለ ደንበኛ በሊንክ ሲላክ 13.5 ጊጋባይት በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 3 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ መብራት ወይም መስመር ከተቋረጠ ከመጀመሪያው እንዳይጀምር፣ ካቆመበት በሚቀጥል ፕሮግራም ሌሊት ጫኑት። ሊንኩ የሚከፈተው የመጨረሻው 20 በመቶ ሲገባ ነው። የርክክቡን ቀን በጽሑፍ አረጋግጡ፣ ጥሬው ቀረጻ የሚቆይበት ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነውና። ጊዜው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «ሊጠፋ ነው፣ የራሳችሁን ዲስክ አምጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ» ብላችሁ ንገሯቸው። ጥሬው ቢጠፋም የተጠናቀቀውን ቪዲዮ በሙሉ ጥራትና የፕሮጀክቱን ፋይል አስቀምጡ፤ ፍላሽ የጠፋበት ቤተሰብ ከዓመት በኋላ መደወሉ አይቀርም።